በቢ4 ከፍቶ የመሀል ወታደር የበላ ነጭ መሀሉን ለምን ያጣል? (ሶኮልስኪ)

ዘቢ2

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ስለ ሶኮልስኪ መክፈቻ ነው፤ ኦራንጉታን የሚባለውም ይኸው ነው። እርምጃዎቹን በፊደላችን እጽፋለሁ፦ ጳ ጳጳስ፣ ፈ ፈረስ፣ ግ ግንብ፣ ን ንግሥት። ምልክት የሌለው ወታደር ነው፣ × መብላት ነው፣ 0-0 በንጉሥ በኩል ካስል ነው (ንጉሡ ሁለት ቤት ወደ ጎን ሄዶ ግንቡ በሌላ ጎኑ ይቆማል)። ፈቢ በቢ ዓምድ ያለው ፈረስ ነው፣ ከቁጥር በኋላ «...» ካለ እርምጃው የጥቁር ነው፣ ? ስህተት፣ ! ጥሩ እርምጃ ነው።

1.ቢ4 ኢ5 2.ጳ-ቢ2 ጳ×ቢ4 3.ጳ×ኢ5 ፈ-ኤፍ6

እስከዚህ ሒሳቡ ለነጭ ያደላል። የክንፍ ወታደር ሰጥቶ የመሀል ወታደር ወስዷል፤ ዲ እና ኢ ሁለቱም አሉት፣ ለጥቁር የቀረለት ዲ ብቻ ነው። ችግሩ ከዚያ በኋላ ይመጣል። 4.ሲ4 0-0 5.ፈ-ኤፍ3 ፈ-ሲ6 6.ጳ-ቢ2 ዲ5 7.ሲ×ዲ5 ፈ×ዲ5 8.ኢ3 ግ-ኢ8። ጥቁር ካስል አድርጓል፣ ሁለቱን ፈረሶች፣ አንድ ጳጳስና አንድ ግንብ አውጥቷል። የነጭ ሁለት የመሀል ወታደሮች ግን ዲ2 እና ኢ3 ላይ ተቀምጠዋል፣ ንጉሡም ገና ኢ1 ላይ ነው። በቁጥር ነጭ ይበልጣል፣ መሀሉን የሚያዘው ግን ጥቁር ነው።

ሦስት ነገር ማወቅ እፈልጋለሁ። በአራተኛው እርምጃ ሲ4 ይሻላል ወይስ ፈ-ኤፍ3? ጥቁር ፈ-ሲ6 ብሎ ጳጳሱን ሲያባርር፣ ወደ ቢ2 ከመመለስ ይልቅ ኤፍ6 ላይ ያለውን ፈረስ መብላት ጊዜ አያተርፍም ወይ? ዲ4ስ የሚገፋው መቼ ነው?

ጋሼ ግንብ

ዘቢ2፣ ችግሩን የፈጠረው ቢ4 ላይ የተቀመጠው የጥቁር ጳጳስ ነው። ከእሱ ተነስተህ በሰያፍ ውረድ፦ ሲ3፣ ዲ2፣ ኢ1። ሲ3 ባዶ ነው፣ ዲ2 ላይ ወታደርህ አለ፣ ከወታደሩ ጀርባ ንጉሥህ ተቀምጧል። የዲ ወታደርህ ታስሯል። ዲ4 ብትል ንጉሥህ ቼክ ውስጥ ስለሚገባ ሕጉ ራሱ አይፈቅድልህም፤ ዲ3ም እንዲሁ ነው። ሰሌዳው ላይ ሁለት የመሀል ወታደር ትቆጥራለህ፣ መሄድ የሚችለው ግን ኢ ብቻ ነው። ጥቁር ዲ5 ሲል የእሱ አንድ ወታደር የሚገጥመው የአንተን አንድ ወታደር ነው፤ ያውም የእሱ ሁለት ቤት ወደፊት ወጥቷል።

ሌላም መዘዝ አለው። ኢ3 ላይ ያለውን ወታደር ዲ2 እና ኤፍ2 የሚጠብቁት ይመስላል። የታሰረ ወታደር ግን አይጠብቅም። ኢ3ን የያዘው ኤፍ2 ብቻ ነው። ጥቁር ግንቡን ኢ8፣ ፈረሱን ዲ5 ወይም ጂ4 ካደረሰ በኋላ በኢ3 ላይ የመስዋዕት ሐሳብ የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው። ከካስል በፊት ነጭ ሆነህ ስትጫወት በየእርምጃው ይህን ቤት ቁጠር።

እስሩ በሦስት መንገድ ይፈታል። የመጀመሪያውና የተሻለው ካስል ማድረግ ነው። ሁለተኛው ሲ3 ነው፤ ጳጳሱን ይመታል፣ ሰያፉንም ይዘጋል፣ ነገር ግን የቢ1ን ፈረስ ጥሩ ቤት ይወስድበታል፣ ቢ2 ላይ ለሚመለሰው ጳጳስህም መንገዱን ይዘጋበታል። ሦስተኛው ፈ-ሲ3 ነው። ይህ ዲ2ን ይፈታል፤ ዲ ሲገፋ ግን ፈረሱ በተራው ይታሰራል።

ስለዚህ አራተኛውን እርምጃ በዚህ መዝነው፦ የትኛው ቶሎ ወደ ካስል ያደርሳል? አንተ በጻፍከው መስመር ቀጣዩ 9.ጳ-ኢ2፣ ከዚያ 10.0-0 ነው። ካስል በአሥረኛው እርምጃ ማለት ነው። አሁን ይህን ተመልከት፦

4.ፈ-ኤፍ3 0-0 5.ኢ3 ዲ5 6.ጳ-ኢ2 ግ-ኢ8 7.0-0

በሰባተኛው ጨረስክ። ልዩነቱ ሦስት እርምጃ ነው፣ በእንዲህ ያለ ክፍት ቦታ ላይ ደግሞ ሦስት እርምጃ ብዙ ነው። ሲ4 አልቀረም፤ ዘገየ እንጂ። ለምሳሌ 7...ፈቢ-ዲ7 8.ጳ-ቢ2 ሲ5 ካለ 9.ሲ4 ትልና ዲ5ን ትመታለህ፤ አሁን የዲ ወታደርህ ነፃ ስለሆነ መምታቱ ጉልበት አለው። እዚያ ላይ ጥቁር 9...ዲ4 ብሎ ለማለፍ ቢሞክር 10.ኢ×ዲ4 ሲ×ዲ4 11.ፈ×ዲ4 ነው። ዲ7 ላይ ያለው የራሱ ፈረስ ንግሥቱን ስለጋረደባት ዲ4ን የሚጠብቅለት የለም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄህ ስመጣ፣ ኤፍ6ን መብላት ሲ4 ከተጫወትክ በኋላ ጨዋታውን ይጨርሰዋል፦

4.ሲ4 0-0 5.ጳ×ኤፍ6? ን×ኤፍ6

ንግሥቲቱ ኤ1 ላይ ያለውን ግንብህን በረዥሙ ሰያፍ እያየች ነው፤ ቢ2 ባዶ ነው፣ የቢ ወታደርም የለም። ዲ4 ብለህ እንዳትዘጋ ወታደሩ ታስሯል። ሲ3 እንዳትል ወታደሩ ሲ4 ላይ ነው። የቀረው 6.ፈ-ሲ3 ነው፣ ከዚያ 6...ጳ×ሲ3 7.ዲ×ሲ3 ን×ሲ3 ቼክ፤ መጋረጃው 8.ን-ዲ2 ብቻ ነው፣ 8...ን×ኤ1 ቼክ። አንድ ሙሉ ግንብ ሄደ። አስቀድሞ ፈረስህ ኤፍ3 ላይ ወጥቶ ከሆነ ቼኩን ፈ-ዲ2 ብሎ ጋርዶ ግንቡን ያድንልሃል፣ ምክንያቱም ዲ1 ላይ ያለችው ንግሥት በተጠረገው የመጀመሪያ ረድፍ በኩል ኤ1ን ትጠብቃለች። የሲ3 ወታደር ግን ተበልቷል፣ የንግሥት ክንፍህም ተበትኗል።

የሲ ወታደርህ ገና ሲ2 ላይ ከሆነ ነገሩ ይለያል። 4.ፈ-ኤፍ3 ፈ-ሲ6 5.ጳ×ኤፍ6 ን×ኤፍ6 6.ሲ3 ይዘጋል፣ ጳጳሱንም ይመታል፣ ቀጥሎ ዲ4 አለ። ይህ መኖር የሚቻልበት ቦታ ነው። ቢሆንም አልመክረውም፦ ቢ4 የተጫወትከው ለጥቁር ቤቶች ጳጳስህ ብለህ ነው፣ እሱን ለፈረስ ሰጥተህ ለጥቁር ሁለቱን ጳጳሶች ከተውክለት የመክፈቻው ዋና ሀብት ተሸጠ። 5.ጳ-ቢ2 ብለህ ተመለስ። አንድ እርምጃ አጠፋሁ ብለህ አትዘን፤ ጥቁርም የቢ4 ጳጳሱን በኋላ ማንቀሳቀሱ አይቀርም።

ረዥም ሰያፍ

ጋሼ ስለ እስሩ የጻፉት ላይ የምጨምረው የለኝም። ሦስተኛውን ጥያቄ ልውሰድ።

ከጋሼ መስመር ልቀጥል፦ 9.ሲ4 ዲ×ሲ4 10.ጳ×ሲ4 ፈ-ቢ6 11.ጳ-ኢ2። ወታደሮቹን ቁጠር። ነጭ፦ ኤ2፣ ዲ2፣ ኢ3፣ ኤፍ2፣ ጂ2፣ ኤች2። ጥቁር፦ ኤ7፣ ቢ7፣ ሲ5፣ ኤፍ7፣ ጂ7፣ ኤች7። ስድስት ለስድስት። መሀል ላይ ሁለት ለዜሮ ነህ፣ በንግሥት ክንፍ ግን አንድ ለሦስት። የዚህ መስመር ጨዋታ ሁሉ ከዚህ ቁጥር ይወጣል፣ ሳይገባህ አትለፈው።

ከዚህ ቁጥር የሚከተለው የመጀመሪያ ነገር፦ ንግሥት አትለዋወጥ። ጠጠር እያነሰ በሄደ ቁጥር የጥቁር ሦስት ለአንድ ከንጉሦች ርቆ የሚሮጥ ነፃ ወታደር ይወልዳል፣ ያንተ ኤ2 ብቻውን አያቆመውም። ነጭ በመሀል ጨዋታ ላይ ነው መሥራት ያለበት። ብዙ ሶኮልስኪ ተጫዋች «እኩል ነው» ብሎ በሚገባበት የግንቦች መጨረሻ ላይ ነው ቀስ ብሎ የሚሸነፈው።

አሁን ዲ4። እስሩ ከተፈታ በኋላ የሚመጣው ትልቁ ፈተና ይህ ነው፣ ምክንያቱም ዲ4 ስትል የራስህን ረዥም ሰያፍ በራስህ ወታደር ትዘጋለህ። ቢ2 ላይ ያለው ጳጳስ ጂ7ን ማየቱን ያቆማል። ስለዚህ ዲ4ን የምትገፋው ጥቁር ሲ×ዲ4 እንዲል ተገድዶ አንተ በጠጠር መልሰህ የምትበላበት ሁኔታ ሲኖር ነው፦ ፈ×ዲ4 ወይም ጳ×ዲ4። በኢ ወታደር መልሰህ ከበላህ ዲ4 ላይ ጎረቤት የሌለው ብቸኛ ወታደር ታቅፋለህ፣ ዲ5 ላይ የሚቀመጠውን የጥቁር ፈረስም ማንም አያባርረውም። በጠጠር ከበላህ ግን ሰያፉ እንደገና ይከፈታል፣ የኢ ወታደርህም ያለ ተቀናቃኝ ይቀራል። የጥቁር ብልጫም ወደ ሁለት ለአንድ ይወርዳል።

ጥቁር ሲ×ዲ4 ካላለ፣ የሲ5 ወታደሩን በዲ×ሲ5 መብላት የምትችልበትን ጊዜ እየጠበቅህ ውጥረቱን ያዘው። ዲ5 ብሎ ማለፍ ብዙ ጊዜ ትርፍ የለውም፤ ወታደሩ ይርቅና የጥቁር ግንቦች ይከቡታል።

ሁለተኛው አቋም ዲ3 ነው። ትንሽ መሀል፣ ክፍት ሰያፍ። ፈቢ-ዲ2፣ ን-ሲ2፣ አንድ ግንብ ቢ1፣ ሌላው ሲ1። የቢ ዓምድ ለአንተ ክፍት መሆኑን አትርሳ፤ ቢ4 ላይ የሰጠኸው ወታደር የከፈተልህ እሱን ነው፣ ቢ7 ላይ መጫን ከመሀሉ ትግል ጋር አብሮ ይሄዳል። ጥቁር የቢ7ን ወታደር ለመጠበቅ ን-ኢ7 ወይም ግ-ቢ8 ሲል ዲ ዓምድ ላይ የሚያሳድረው ጫና ይቀንሳል። የዲ3 ድክመት ደግሞ ዲ3 ራሱ ነው። ጥቁር የዲ ወታደር ስለሌለው ግንቡ በቀጥታ ያየዋል፣ ኢ4 ከገፋህ ደግሞ ዲ3 ወደ ኋላ የቀረ ወታደር ይሆናል፣ ዲ4 ላይም ለፈረሱ ቤት ትሠራለታለህ። ስለዚህ በዲ3 አቋም ኢ3 እዚያው ይቆይ፤ ዲ4ን የሚከለክለው እሱ ነው።

የእኔ ምርጫ? ጥቁር ሲ5 ካለ ዲ4። ሲ5ን ካልገፋና ሲ6 ላይ ፈረስ ወይም ወታደር ካቆመ ዲ3።

አንድ ነገር ለ4.ሲ4 ልናገርለት። 7.ሲ×ዲ5 ላይ ጥቁር ን×ዲ5 ብሎ ከበላ 8.ፈ-ሲ3 ንግሥቲቱን ይመታል፣ 8...ጳ×ሲ3 9.ጳ×ሲ3 ሲሆን ጥቁር የጥቁር ቤቶች ጳጳሱን አጥቷል፣ ያንተ ጳጳስ ደግሞ ጂ7 ላይ አፍጥጧል። የሚያውቅ ጥቁር ግን በፈረስ ነው የሚበላው፣ አንተም የጻፍከው እሱን ነው።

በጥቁር ወገን

ከጥቁር በኩል ያለውን ልጻፍ፣ ምክንያቱም ነጭ ሆኖ የሚጫወትም ሰው ጥቁር ምን እንደሚፈልግ ማወቅ አለበት።

በመጀመሪያ ሁለት የጥቁር ስህተቶች። 1.ቢ4 ኢ6 2.ጳ-ቢ2 ጳ×ቢ4?? 3.ጳ×ጂ7 ግንቡ ይሄዳል። ከኢ6 በኋላ ረዥሙ ሰያፍ ላይ እስከ ጂ7 ድረስ የሚያግድ ወታደር የለምና ቢ4 ገና አይበላም፤ መጀመሪያ ፈ-ኤፍ6። ሁለተኛው የበለጠ የተለመደ ነው፦ 1.ቢ4 ኢ5 2.ጳ-ቢ2 ፈ-ሲ6? ለኢ5 ተፈጥሯዊ ጠባቂ ይመስላል፣ 3.ቢ5 ግን ፈረሱን ያባርረዋል፣ የመሀል ወታደሩም ይወድቃል። 3...ፈ-ዲ4 4.ኢ3 ካለ በኋላ 4...ፈ×ቢ5 በ5.ጳ×ቢ5 ፈረስ ያስከፍላል፣ 4...ፈ-ኢ6 ደግሞ በ5.ጳ×ኢ5 ወታደር። የቢ ወታደር አንድ ቤት ሳይሆን ሁለት ቤት የመሄዱ ትርጉም ይህ ነው፦ ሲ6ን ከፈረሱ ይነጥቃል።

ስለዚህም በልውውጡ (2...ጳ×ቢ4 3.ጳ×ኢ5) ፋንታ ኢ5ን መያዝ የሚፈልግ ጥቁር ዲ6 ወይም ኤፍ6 ይላል። 2...ዲ6ን እኔ ከልውውጡ አብልጬ እመክራለሁ። ኢ5 እንደ ድንጋይ ይቀመጣል፣ የቢ2 ጳጳስ እሱን ሲያይ ይውላል፣ ጥቁር ምንም ድክመት አልፈጠረም። ነጭ 3.ሲ4 ፈ-ኤፍ6 ካለ በኋላ ቅደም ተከተሉን መጠንቀቅ አለበት፦ መጀመሪያ 4.ኢ3፣ ፈ-ኤፍ3 በኋላ። ኤፍ3 ላይ ፈረስ ከሌለ የጥቁር ኢ4 ማንንም አይነካም፣ ነጭም ዲ3 ብሎ ወታደሩን ይመታዋል። ፈረሱ ቀድሞ ከወጣ ግን ኢ4 ያባርረዋል፣ ጥቁርም መሀሉን በነፃ ጊዜ ይይዛል።

ይህ ምን ያህል እንደሚያስከፍል በእህት መክፈቻው በ1.ቢ3 ላይ በግልጽ ታይቷል። ቤልግሬድ፣ 1970፣ ሶቪየት ኅብረት ከቀሪው ዓለም፣ አንደኛው ሰሌዳ፣ ላርሰን ነጭ፣ ስፓስኪ ጥቁር፦ 1.ቢ3 ኢ5 2.ጳ-ቢ2 ፈ-ሲ6 3.ሲ4 ፈ-ኤፍ6 4.ፈ-ኤፍ3 ኢ4 5.ፈ-ዲ4 ጳ-ሲ5 6.ፈ×ሲ6 ዲ×ሲ6። የነጭ ፈረስ ሦስት ጊዜ ሄዶ የተለዋወጠው አንድ ጊዜ ብቻ ከሄደ ፈረስ ጋር ነው። የጥቁር ዲ ዓምድና የሲ8 ጳጳሱ መንገድ በነፃ ተከፈቱ፣ ኢ4 ላይ ያለው ወታደር ደግሞ የነጭን የንጉሥ ክንፍ አነቀው። ስፓስኪ በ14ኛው ግ-ኤች1 ብሎ ግንብ ሠውቶ በ17 እርምጃ ጨረሰ። ላርሰን ይህን መክፈቻ በዓለም ላይ ከማንም በላይ የሚያውቅ ሰው ነበር። ያሸነፈው ቢ3 አይደለም፤ 4.ፈ-ኤፍ3 ነው። 4.ኢ3 ቢል ሌላ ጨዋታ ነበር።

ወደ ቢ4 ስመለስ፣ በ1.ቢ4 ዲ5 ላይ ብዙ አልልም። 2.ጳ-ቢ2 ፈ-ኤፍ6 3.ኢ3 ኢ6 4.ቢ5 ጤናማ ነው፤ ቢ5ን የኤፍ1 ጳጳስ ይጠብቀዋል። ጥቁር 4...ኤ6 5.ኤ4 ኤ×ቢ5 6.ኤ×ቢ5 ግ×ኤ1 7.ጳ×ኤ1 ቢልም ጳጳሱ እዚያው ሰያፍ ላይ ነው፣ የጠፋ ነገር የለም። ከዚያ ፈ-ኤፍ3፣ ጳ-ኢ2፣ 0-0፣ ሲ4፤ ኢ5ን በጠጠር እየተቆጣጠሩ ዲ5ን በወታደር መምታት ነው።

ለማያውቅ አንባቢ፦ ኦራንጉታን የሚለው ስም የመጣው ታርታኮወር በ1924ቱ የኒው ዮርክ ውድድር ወቅት የብሮንክስ መካነ አራዊትን ጎብኝቶ በማግስቱ ከማሮትሲ ጋር 1.ቢ4 ስለከፈተ ነው። እስሩን፣ የክንፍ ብልጫውን፣ የቢ ዓምዱን አንድ በአንድ ፈትሾ በመጽሐፍ ያስቀመጠው ግን ሶቪየታዊው አሌክሲ ሶኮልስኪ ነው፤ መክፈቻው በእሱ ስም ቢጠራ ይገባዋል።

ዘቢ2

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እስሩን እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ አልነበረም። 4.ፈ-ኤፍ3 እይዛለሁ።

አንድ ልጨምር። በ2...ኤፍ6 ላይ ነጭ 3.ኢ4 ጳ×ቢ4 4.ጳ-ሲ4 ብሎ ወታደር ሲሠዋ አያለሁ። እርስዎ ይህን ያምኑበታል? ወይስ 3.ቢ5?

ጋሼ ግንብ

በፈጣን ጨዋታ አምንበታለሁ፣ በረዥም ሰዓት 3.ቢ5ን እመርጣለሁ።

የመስዋዕቱ ምክንያት ኤፍ6 ራሱ ነው። ያ ወታደር የጂ8ን ፈረስ ቤት ወሰደ፣ ከኤ2 እስከ ጂ8 ያለውን ሰያፍም ከፈተ። ሲ4 ላይ ያለው ጳጳስ ጂ8ን ስለሚያይ ጥቁር በንጉሥ በኩል ካስል ማድረግ አይችልም። ማስፈራሪያም አለው፦ ጳ×ጂ8 ግ×ጂ8፣ ን-ኤች5 ቼክ፣ ጂ6፣ ን×ኤች7፤ ንግሥቲቱ ግንቡን እየመታች ጂ6ንም ትጠይቃለች። ስለዚህ ጥቁር 4...ፈ-ኢ7 ማለቱ ትክክል ነው። 5.ን-ኤች5 ቼክ ካልከው መልሱ 5...ፈ-ጂ6 ነው። 5...ጂ6? ካለ 6.ን-ኤፍ3 ኤፍ6ን ያለ ጠባቂ ያገኘዋል፣ ኢ7 ላይ ያለው የራሱ ፈረስ ንግሥቱን ጋርዶባታልና፤ ግ-ኤፍ8 ብሎ ካዳነው በዚያ በኩል ካስል የለም።

ጥቁር ዕዳውን የሚከፍለው በዲ5 ነው። 5.ኤፍ4 ስትል 5...ዲ5! 6.ኢ×ዲ5 ኢ×ኤፍ4 ይላል፣ የሲ4 ጳጳስህም በራስህ የዲ5 ወታደር ይታገዳል። ይህን የሚያውቅ ሰው ከገጠመህ አንድ ወታደር ጎድሎህ ብዙ መሥራት ይጠበቅብሃል።

3.ቢ5 ላይ ግን ምንም አልሰጠህም። 3...ዲ5 4.ኢ3 ጳ-ኢ6 5.ዲ4 ኢ4 ከሆነ መሀሉ ይዘጋል፣ ቦታው ቀለም የተገላበጠ ፈረንሳይ መከላከያ (1.ኢ4 ኢ6 ብሎ የሚጀምረው) ይመስላል። የቢ2 ጳጳስህ በዲ4 ታግዷል፣ ቢሆንም ቢ5 ስላለፈ ኤ3 ክፍት ነው፦ ጳ-ኤ3 ብለህ ከኤፍ8 ጳጳስ ጋር ለዋውጠው። የጂ1 ፈረስ በኢ2 በኩል ወደ ኤፍ4 ይሄዳል፣ እዚያ ኢ6ን ይመታል። ሲ4ን በፈ-ዲ2 አዘጋጅተህ ዲ5 ላይ ጣል። ጥቁር ሲ6 ብሎ ቢደግፈው ቢ×ሲ6 ቢ×ሲ6 ይሆንና የቢ ዓምድ ለግንብህ ይከፈታል። ኤፍ3ን ግን እስከ ካስልህ ድረስ አትንካ፤ ኢ3 ያለ ጠባቂ ይቀራል።